የሲራራ ስንቅና የሆቴል ቡፌ

ከሆቴል ቁርስ ላይ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሶፍት ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነውር ነው ወይስ መብት? ዱባይም ይሁን ናይሮቢ ዕቃ ልናመጣ የምንመላለስ ሁሉ ይህን ክርክር እናውቀዋለን። አንዷ «ከፍዬበታለሁ፤ እዚህ ብበላውም ይዤው ብወጣም የእኔ ነው» ትላለች። ሌላዋ ግራ ቀኝ እያየች «ኧረ ተይ፣ በአንድ እንቁላል የሁላችንንም ስም ታስጠፊያለሽ» ትላታለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ነገሩ በተነሳ ቁጥር አንዷ ሆዳም፣ ሌላዋ ጉረኛ ተባብለው ስለሚለያዩ መቋጫ አግኝቶ አያውቅም። ለመፍረድ ግን ነጋዴ ድሮ መንገድ ላይ ምን ይበላ እንደነበር፣ ማንስ ይሰጠው እንደነበር ማየት ይረዳል ብለን እናምናለን።

የሲራራ ነጋዴ ሆቴል አልነበረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጅማና ከእናርያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ የሚነሳው ቅፍለት ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ የጁቤ ገበያ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ሲመለስ ጨርቅና የባሕር ማዶ ዕቃ ይጭናል፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብም እንደ ሸቀጥም ከገበያ ገበያ ይዞራል። በዚያው መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የሲራራን ታሪክ በኩራት ስናወራ ይህን መዝለል አይገባንም። ጉዞው የሚቆጠረው በሳምንትና በወር ነው። ክረምት ገብቶ ዓባይ ከሞላ ማዶና ማዶ ሆኖ መጠበቅ እንጂ መሻገር የለም። ስለዚህ ነጋዴ ከቤቱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያሰላው የበቅሎውን ጭነት ብቻ አልነበረም፤ ስንቁንም ነው።

ስንቅ ደግሞ የሴቶች ሙያ ነው። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሶ ይሆናል። በሶ ውሃና ጨው ካገኘ እሳት አይጠይቅም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ ለወራት አይበላሽም። በቅቤ የታሸው ጭኮ ለፍስክ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ የደረቀ በርበሬ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቀን ምሳ በአገልግል ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከረጢት ውስጥ ነው። ዛሬ አንዳንዶች «ነጋዴ ሲባል ከሰው ማዕድ የሚለቅም ነው» ብለው ሲቀልዱ እንሰማለን፤ ታሪኩ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። ነጋዴ ማለት ምግቡን ራሱ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነበር።

ስንቅ ያልቃል፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ በቅሎ ገደል ይገባል። ያን ጊዜ የሚቀረው የሰው ደጅ ነው። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቶቹም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ያስገቡታል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ጠዋት ሲነሳ የቤቱ እመቤት ለመንገዱ ቂጣም ቆሎም ቋጥራ ትሰጠዋለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እንግዳው ከቤት ምግብ ይዞ ወጥቷል፤ ማንም ነውር አላለውም፤ የቋጠረችው ግን እመቤቷ ናት። እንግዳው ራሱ ሌማቱን ከፍቶ ቢቋጥር ኖሮ ከዚያ አገር ስሙ ለዘለዓለም ይጠፋ ነበር። ቂጣው ያው ቂጣ ነው፤ ልዩነቱ ያለው የማን እጅ አነሳው የሚለው ላይ ነው።

ለክብር እንግዳ ደግሞ ድርጎ የሚባል ነገር ነበር። ንጉሥ ወይም ገዢ የተቀበለው መልእክተኛ ወይም የውጭ አገር ሰው በሚያልፍበት ሁሉ እንጀራ፣ በግ፣ ማር፣ ጠጅ እንዲሰጠው ይታዘዛል። በዚያ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮፓውያን በጽሑፋቸው ድርጎን ደጋግመው ያነሱታል፤ አንዳንዶቹ ስለመጣላቸው እያመሰገኑ፣ አንዳንዶቹ ስለቀነሰባቸው እያማረሩ። ቁርስ በዋጋው ውስጥ የተካተተበትን የዛሬውን የሆቴል አልጋ ብንፈልግለት የቅርብ ዘመዱ ድርጎ ነው፤ ተቀባዩ በዓይኑ የማያየው ሰው አስቀድሞ ያዘዘለት፣ ለምኖ የማያገኘው፣ እንደ መብት የሚጠብቀው ምግብ። ድርጎውን የሚያወጣው ግን ያዘዘው ንጉሥ አልነበረም፤ የመንደሩ ገበሬ ነው። ተጓዡ ከሚበቃው በላይ በጠየቀ ቁጥር የሚጎድለው የዚያ ገበሬ ጎተራ ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከማዕድ ላይ አንስቶ መሄድ በባህላችን በጭራሽ የለም ማለትም አይቻልም። ዝክር ወይም ማኅበር የበላች እናት ለልጆቿ የጸበል ጸዲቁን ዳቦ ቁራሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመለሳለች። ልጆች በር ላይ የሚጠብቁት ያን ቁራሽ ነው፤ ከቤት ዳቦ ይልቅ ይጣፍጣቸዋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰደቃ ሲያወጡ በሳህን ለጎረቤት ይልካሉ፤ ሳህኑም ባዶውን አይመለስም። እዚህም ቢሆን ግን ዳቦውን የሚቆርስና የሚያድል ሰው አለ። «ለልጆችሽ ይህን ያዢላቸው» የምትል አፍ አለች። ያልታደለውን ማንሳት ሌላ ስም አለው።

የቤተ መንግሥት ግብርን ደግሞ ያየን ባንሆንም በተጻፈውና ከአያቶቻችን በሰማነው እናውቀዋለን። በአጼ ምኒልክ አዳራሽ ግብር የሚበላው በተራ ነበር። መኳንንቱ ቀድመው ይገባሉ፣ እነርሱ ሲወጡ ቀጣዮቹ፣ በመጨረሻ ተራው ወታደር። ጠረጴዛው ላይ የተረፈ የሚመስለው ሁሉ የቀጣዩ ተራ ድርሻ ነው። በሆቴል ቡፌ ላይ «ይህ ሁሉ ተርፎ የለም እንዴ» የምንለውን ስናስብ ይህን ግብር እናስታውሳለን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሞልቶ የሚታየው ትሪ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከልጆቿ ጋር የምትወርደዋን እናት ጭምር ታስቦ የተሞላ ነው።

በገንዘብ የሚበላበት ቤት ወደ አዲስ አበባ የመጣው ዘግይቶ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሆቴል ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው ቆሟል። ምግብ ገዝቶ መብላት ለሰው እንግዳ ነገር ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው እየበሉና እየከፈሉ አለማመዱት ተብሎ ይተረካል። ትረካው ሲወርድ ሲዋረድ ምን ያህል እንደተጨመረበት የሚያውቅ ይወቀው፤ ይሉኝታው ግን እውነት ነው። እንጀራ መሸጥ ነውር በነበረበት አገር፣ እንጀራ ገዝቶ በሰው ፊት መጉረስም ያሳፍር ነበር። ያ ይሉኝታ ዛሬም በቡፌ ፊት ስንቆም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። ሁለት ጊዜ ሄዶ መጨመር የሚያሳፍራት ሴት በመካከላችን አለች፤ ተርባ ትነሳለች። ያው ይሉኝታ በሌላዋ ላይ ተገልብጦ ይመጣል። በሰው ፊት ሁለተኛ ሳህን መሙላት ስለሚያሳፍራት ደብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። የመጀመሪያው የተፈቀደ፣ ሁለተኛው ያልተፈቀደ ሆኖ ሳለ የምታፍረው በተፈቀደው መሆኑ ይገርመናል።

«ቡፌ» የሚለው ቃል ራሱ በባቡር የመጣ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ መጀመሪያ ላይ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። ፈረንሳዮች በጣቢያ አጠገብ ያለን ምግብ ቤት ቡፌ ይሉታል፤ በዚያው ወግ አዲስ አበባ ለገሃር ላይ «ቡፌ ደ ላ ጋር»፣ አዋሽ ላይ ደግሞ «ቡፌ ዳዋሽ» ተከፈቱ። ለገሃር የሚለውም ስም ያው የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው። በእነዚያ ቡፌዎች የሚበላው ባለ አንደኛ ማዕረግ ትኬት ነበር። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ያሉት ነጋዴ ሴቶቻችን ስንቃቸውን ይፈታሉ፤ ከጎደላቸው በየጣቢያው በመስኮት ከሚሸጡት ይገዛሉ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ከእኛ የተሻለ ይነግራችኋል።

ፈረንሳይኛው ቡፌ ሌላም ትርጉም አለው፤ የዕቃ ማስቀመጫ ቁም ሳጥን። እኛም ሁለቱንም ወስደናል። ሳሎናችን ውስጥ ባለ መስታወቱ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎችና የሠርግ ስጦታ ሳህኖች የተደረደሩበት፣ ቁልፉ እናታችን ጋ የሚቀመጠው ዕቃ ስሙ ቡፌ ነው። ልጅ ሆነን ከቡፌው ምንም ማንሳት አይፈቀድም ነበር። ካደግን በኋላ ደግሞ በዚያው ስም የሚጠራ፣ ያሻህን አንሳ የሚባልበት ጠረጴዛ ፊት አቆሙን። ግራ ብንጋባ ምን ይገርማል?

ይህ ክፍት ጠረጴዛ ከየት መጣ ቢባል የዓለም ታሪኩ አጭር ነው። ስዊድኖች እንግዳ ሲመጣ ዳቦ፣ ዓሣና አይብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው እያንዳንዱ ራሱ እንዲያነሳ የሚያደርጉበት የቆየ ልማድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሲያቀርቡት አሜሪካኖች ወደዱት። በ1958 ደግሞ ቶኪዮ የሚገኘው ኢምፔሪያል ሆቴል ከስካንዲኔቪያ ቀድቶ ጃፓን ውስጥ ጀመረው፤ ስሙንም «ቫይኪንግ» አለው። ጃፓኖች እስከ ዛሬ ቡፌን ቫይኪንግ ይሉታል። የምግብና የአልጋ ዋጋን በአንድ ላይ ማስከፈል ደግሞ ከዚያም የቀደመ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሆቴሎች አልጋና ምግብ ባንድ ዋጋ ሲሸጡ፣ የአውሮፓዎቹ አልጋውን ለብቻው ያስከፍሉ ነበር። ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ መሄድም የእኛ ፈጠራ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ግብዣ ሲሄዱ የራሳቸውን የእጅ ፎጣ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ ማርቲያል፣ የቀረበለትን ሁሉ በፎጣው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ በሚልክ እንግዳ ላይ ተሳልቋል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሰውየው ግን ባለፈው ወር ከእኛ ጋር አብሮ ቁርስ የበላ ይመስላል።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በደርግ ጊዜ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ስለነበር ውጭ አገር ሆቴል አድሮ የሚነግድ ሰው ጥቂት ነበር። ብዙዎቻችን በሻንጣ መነገድ የጀመርነው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሶማሊያም ፈረሰች፤ ወደ ናይሮቢ የሸሹት ሶማሌዎች ኢስሊ ላይ ጋሪሳ ሎጅ የሚባለውን ማደሪያ ተከራዩ። ማታ የተኙበትን ክፍል ቀን ቀን ሱቅ አደረጉት፤ አልጋው ላይ ጨርቁንና ልብሱን ዘርግተው ይሸጡበት ጀመር። የዛሬው የኢስሊ ግዙፍ ገበያ የተወለደው ከዚያ ማደሪያ ነው። እንዲህ ባለው ቤት የቁርስ ቡፌ ብሎ ነገር አልነበረም። ማንዳዚና ሻይ ከመንገድ ይገዛል፤ ወይም አንዷ በምድጃ የሠራችውን ሁሉም ይካፈላል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊትም በከብት መኪና ላይ ተጭነን፣ በጥበቃ ታጅበን በማርሳቢት ስናልፍ የያዝነው ቆሎና ውሃ ነበር። እኛም ያው ሲራራ ነበርን ማለት ነው።

ነገሩን የቀየረው ዱባይ ነው። ዴራና ናይፍ አካባቢ ያሉት መካከለኛ ሆቴሎች አልጋን ከነቁርሱ ይሸጣሉ። ሻንጣዋን ይዛ የወረደች ነጋዴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድል እጅ በሌለበት ማዕድ ፊት ቆመች። የቋጠረላት እመቤት የለችም፤ «በቃሽ» የሚልም፣ «ጨምሪ» የሚልም የለም። ከእኛ ባህል ጋር የተጋጨው እዚህ ጋ ነው። የምግብ ሥርዓታችን በሙሉ የተሠራው በሰጪው እጅ ላይ ነበር፤ ጉርሻ እንኳ ሌላ ሰው ያጎርሰናል እንጂ ራሳችን አንጎርሰውም። ሰጪው ሲጠፋ ሥርዓቱም አብሮ የጠፋ መሰለን።

ኪሳችንም አለ። ለምሳ 25 ድርሃም ብናስብ በሰባት ቀን 175 ድርሃም ነው፤ ይህ ለአንዳንዷ የአንድ ደርዘን ቀሚስ ትርፍ ነው። ብዙዎቹ ነጋዴዎች በዕቁብ ገንዘብ የሄዱ ናቸው። ስለዚህ በሶፍት የተጠቀለለው እንቁላል ሆዳምነት ብቻ ነው ብሎ የሚስቅ ሰው የሴቶቹን ሂሳብ አልሠራም።

ሂሳብ ካነሳን ግን በሆቴሉም በኩል እንሥራው። ንግድ ስንማር እንደተማርነው፣ ቁርስን በአልጋ ዋጋ ውስጥ የሚያካትት ሆቴል የሚያሰላው አማካዩን ነው። ሻይ ብቻ የምትጠጣዋ ሦስት ሳህን የሚበላውን ትሸፍናለች። ሁለት ጊዜ ብትበሉ፣ አምስት ጊዜ ብትበሉ ሂሳቡ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። ምሳን ግን አያውቀውም። የአውሮፕላን ትኬት እንደ መግዛት ነው፤ ለመቀመጫ ከፍለናል፣ የተፈቀደ ኪሎ አለን፣ ከዚያ በላይ የያዘ ለትርፍ ኪሎው ይከፍላል። እኛ ሚዛን ላይ ስንት ጊዜ ሻንጣ ፈተን እንዳሰርን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገንም። «ከፍያለሁ» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የተከፈለው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ለመብላት ነው።

ሌላው ምክንያት ጤና ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ ወተት ያለበት ነገር፣ የተቆረጠ ፓፓያ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሊያሳምም ይችላል። በዱባይ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ቦርሳ ውስጥ ውሎ 9 ሰዓት ላይ የተበላው እንቁላል ሆድ ቢያሳምም ሰው የሚለው «የሆቴሉ ምግብ መረዘኝ» ነው። ሆቴሎች ማውጣትን የሚከለክሉት አንዱ ለዚህ ነው፤ ሁሉንም ስስት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ያስቆጣን ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ዴራ ውስጥ ባረፍንበት አንድ ሆቴል የምግብ አዳራሹ በር ላይ «ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ በእንግሊዝኛና በአማርኛ። አዳራሹ ውስጥ የብዙ አገር ሰው ነበረ፤ ሙዝ ኪሱ ውስጥ ሲከት ያየነው ሽማግሌ ቱሪስት አማርኛ አይችልም። ወረቀቱን ለማን እንደጻፉት ግን ሁላችንም ገባን። ከመካከላችን አንዷ ወረቀቱን ቀዳ ለመጣል ስትነሳ ሌሎቹ ያዟት። ጥቂቶች ያደረጉት ነው፤ የተጻፈው ግን በሁላችን ቋንቋ ነው።

ከወረቀቱ የበለጠ ያሳሰበን ግን የአስተናጋጇ ነገር ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ሳህን የምታነሳው፣ ትሪ የምትሞላው ልጅ ብዙ ጊዜ የእኛው ልጅ ናት። ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል፤ ቀስ ብላ «ሰላም ናችሁ» ትለናለች። ዳቦው ቶሎ ሲያልቅ አለቃዋ የሚጠይቀው እርሷን ነው። እንግዳ ምግብ ይዞ ሲወጣ ዝም ብላ ካየች ጥፋተኛ ናት፤ ከከለከለች ደግሞ «የአገርሽን ሰው ታዋርጃለሽ» ይሏታል፤ እንዲህ ሲባል ቆመን ሰምተናል። ድርጎ የሚያወጣውን ገበሬ እንመለስበታለን ያልነው ለዚህ ነው። ሆቴሉ በአንድ ትሪ ዳቦ አይከስርም፤ ቁጣው ግን ወርዶ የሚያርፈው ታች ባለው ሰው ላይ ነው። «የሆቴሉ ሀብት ነው፣ ምን ይጎድልበታል» የምትሉ እህቶች፣ ከሆቴሉ በፊት ልጅቷን አስቧት።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። የምትጾም ሴት ምን ታድርግ? በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከዚያም ውጭ በረቡዕና ዓርብ፣ እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። የቁርሱ አዳራሽ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከፍላለች፤ አልበላችም፤ መብላትም አትችልም። ቅቤና እንቁላሉን ከነጭራሹ አትነካውም፤ ለእርሷ የሚሆነው ዳቦ፣ ፉል፣ ሁሙስና ፍራፍሬ ነው። ሙስሊሟ እህታችንም በረመዳን ያው ችግር ይገጥማታል፤ በባሕረ ሰላጤው ያሉ ብዙ ሆቴሎች ግን ለሱሑር መላ አበጅተዋል፤ ለእኛ ጾም የሚያውቁት የለም። ይህች ሴት አዳራሹ ውስጥ አንድም ጉርሻ ሳትበላ ሁለት ዳቦና ሙዝ ይዛ ብትወጣ ሰረቀች ልንላት አይቻለንም። ከአማካዩ በታች ነው የወሰደችው። ግን ደብቃ ባትወስድ እንመርጣለን፤ ተደብቆ የተወሰደ ነገር ምክንያቱን ይዞ አይወጣም፤ የሚያይ ሰው የሚያየው ቦርሳውን ብቻ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ሆቴሎቹ ራሳቸው ጋ አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ለሚሄድ እንግዳ ቁርሱን በካርቶን አሽገው ይሰጡታል፤ ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ መንገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ለጾም የጠየቅንባቸው ቦታዎች አሉ። አንዳንዱ «ለበረራ ብቻ ነው» ብሎ ከለከለን፤ እኛም ከዚያ በኋላ ቁርስ የሌለበትን አልጋ በረከሰ ዋጋ እንይዝ ጀመር። አንዳንዱ ደግሞ «ምን ምን አይበላም?» ብሎ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። በእኛ ዓይን ካርቶኑን አሽጎ የሚሰጠው ሰው ቂጣ ቋጥራ የምትሰጠዋ እመቤት ማለት ነው፤ የሚሰጥ እጅ ተመልሶ መጣ።

ከዚህ ውጭ በመካከላችን የተለመደው እንዲህ ነው። ሙዝ ወይም ፖም እየበሉ መውጣት፣ ሕፃን ያላት ሴት ለልጇ አንድ ዳቦ መያዟ፣ ማንም ቅር አይለውም፤ አስተናጋጇም ብትጠየቅ «ውሰጂ» ነው የምትለው። ፌስታል ወይም ምሳ ዕቃ ይዞ ከክፍል መውረድ ግን አስቦበት የመጣ ሰው ሥራ ነው፤ አንወደውም። የጃምና የቅቤ እሽጎችን፣ የሻይ ከረጢቱን በእፍኝ ማፈስም እንደዚያው። ሳህን ላይ ቆልሎ ትቶ መነሳት ደግሞ፣ ለእኛ፣ ይዞ ከመውጣትም የባሰ ነው፤ በግብር ቢሆን የቀጣዩን ተራ ሰው ድርሻ አበላሽቶ እንደመነሳት ነው። ስለዚያ ግን ማንም በር ላይ ወረቀት ሲለጥፍ አላየንም።

ሻንጣችን ውስጥም አንድ ነገር ተመልሷል። ክፍል ውስጥ የሻይ ውሃ ማፍያ ስላለ፣ ወጣቶቹ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አሁን ከአዲስ አበባ ሲነሱ አንድ ኪሎ በሶና ዳቦ ቆሎ በፕላስቲክ አሽገው ይይዛሉ። በሄድንበት አገር ጉምሩክ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ «የተቆላ ገብስ ዱቄት» ማለት ነው፤ በግልጽ ያልታሸገና ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት ግን ማስቆሙ አይቀርም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉበት። በሶው ለምሳ ይሆናል፤ ትንሽ ጨውና በርበሬ ከያዛችሁ፣ ገበያ ውላችሁ 9 ሰዓት ላይ ስትመለሱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።